ወርቁ እንደሚመዘን ውሃውም ይለካ!

ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወርቅ የምንሰማው ኪሎ ብቻ ነው። ይህን ያህል ለብሔራዊ ባንክ ገባ፣ ከዕቅድ በላይ ሆነ። ወርቁ በግራም ሳይቀር ይመዘናል። የካማሺ ሰው የሚጠጣው ውሃስ?

ባህላዊ ወርቅ አውጪዎች በዓለም ዙሪያ የሚጠቀሙበት ኬሚካል ሜርኩሪ (ባዜቃ) ነው። ደቃቁን ወርቅ ሰብስቦ ይይዛል፤ በእሳት ሲሞቅ ተንኖ ወርቁ ብቻ ይቀራል። ተነነ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ጭሱ በሳንባ ገብቶ ነርቭ ይጎዳል። ወንዝ የገባውን ደግሞ በደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ይህም በዓሣ ውስጥ ይከማቻል፤ ነፍሰ ጡር ስትበላው ፅንሱ ላይ ይደርሳል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው።

ዳቡስም ዴዴሳም ዓባይ ይገባሉ፤ ዓባይ ደግሞ ጉባ ላይ በሕዳሴ ግድብ ይያዛል። አዲስ ውሃ የተኛበት መሬት፣ ዕፅዋቱ ስለሚበሰብስ፣ ለሜቲል ሜርኩሪ መፈጠር የተመቸ ነው። በካናዳ ግድቦች የታየ ነገር ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ ሐይቅ ዓሣ እንበላለን።

«ጉዳት መኖሩን የሚያሳይ ጥናት የለም» የሚባል የተለመደ መልስ አለ። ጥናት የለም ማለት ጉዳት የለም ማለት ነው እንዴ? አልለካንም ማለት ነው እንጂ! ጃፓን ሚናማታ ላይ በሽታው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ መንግሥት ምንጩ የፋብሪካ ሜርኩሪ መሆኑን ያመነው በ1968። 12 ዓመት ሙሉ ሕዝቡ ዓሣውን ሲበላ ኖረ። እኛም አገር የለገደምቢ አካባቢ ነዋሪ ስለ ሕፃናቱ ሲጮኽ ኖሮ፣ የማዕድን ፈቃዱ የታገደው በ2010 ዓ.ም. ተቃውሞው ከገነፈለ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ልኬቱ ተአምር አይጠይቅም። ከወርቅ ማውጫው በላይና በታች የወንዝ ደለል፣ ከገበያ ዓሣ፣ ከእናቶች ፀጉር፣ ከአውጪዎች ሽንት ናሙና ይወሰድ። ፀጉር በምግብ የገባውን ያሳያል፤ ሽንት ከጭስ የገባውን። አሶሳ ዩኒቨርሲቲና የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በየዓመቱ ይሥሩት፤ ውጤቱም በመሳቢያ አይቆለፍ፣ በጉሙዝኛም ጭምር ለሕዝቡ ይነገር። ዓላማው አውጪውን ማሳደድ አይደለም። መጀመሪያ የሚመረዘው እሱና ቤተሰቡ ናቸውና።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። አዋጅ 300/1995 ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳይጠበቅበት፣ ስለ ብክለት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። ስለዚህ የካማሺ ልጅ ሆይ፣ ቀጥሎ ስለ ወርቅ ኪሎ ሪፖርት ሲቀርብ እጅህን አውጣና ጠይቅ፦ የውሃውስ ልኬት የታለ?