የኋላው ጎማ

ልጄ የልጅ ልጄን በየጠዋቱ ከአዘዞ ፒያሳ በሞተር ትምህርት ቤት ያደርሳታል። እሑድ ሞተሩን ሲያጥብ የኋላ ጎማውን አየሁት፤ መሃሉ ጥርስ አለው፣ ዳርና ዳሩ ግን ልሙጥ ሆኗል። «እማዬ፣ ከተገዛ ዓመት እንኳ አልሞላው» አለኝ።

ዳባት ስሠራ የክትባት ሣጥን ጭነን ገጠር እንወጣ ስለነበር ይህን መልክ አውቀዋለሁ። ንፋሱ ያነሰ ጎማ ዳር ዳሩ ያልቃል፤ የበዛበት መሃሉ። በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ካቴናው ሲወጠር ጎማው ተጣሞ ታስሮ ይሆናል። ሞተር መታጠፊያ ላይ ዘንበል ሲል መሬት የሚይዘው ደግሞ ዳሩ ነው፤ በክረምት አስፋልት ላይ ጥርስ ከሌለው ይንሸራተታል።

ብዙዎች በአውራ ጣት ጫን አድርገው «ደህና ነው» ይላሉ። ትኩሳትን በእጅ ዳብሶ መድኃኒት እንደማዘዝ ነው! መለኪያ ያለው ጎሚስታ ፈልጉ። የሚለካውም ጠዋት፣ ሳይነዳ ነው፤ ጎማ ሲግል ንፋሱ ከፍ ብሎ ይታያል። እኛስ ደረጃ ሮጦ የወጣን ሰው ደም ግፊት መች እንለካ ነበር? ልኩ በሞተሩ መመሪያ ላይ አለ፤ ሰው ሲፈናጠጥ የኋላው ይጨመርለታል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው፤ በእሱ አታስሞሉ።

ሰኞ ልጅቷ በታክሲ ሄደች። አባቷ እስካሁን አኩርፎኛል፤ ጎማውን ግን ሐሙስ ቀየረው።