ከመፈረማችን በፊት እናንብብ
(ስለ ግብር ውክልና)

ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ አንድ ወረቀት እንነጋገራለን። የወረቀቱ ስም ውክልና ይባላል። ው - ክ - ል - ና። አራት ፊደል ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ ነው።

በሐራ በምናስተምርበት ጣቢያ የሚማሩ አንዲት እናት አሉ። መንገድ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤታቸው ሻይ ያፈላሉ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለሻይ ቤቱ ግብር ሲባል ተራ መጠበቅ፣ ደረጃ መውጣት፣ «ነገ ተመለሱ» ሲባሉ እንደገና መሄድ ከበዳቸው። ስለዚህ የእኅታቸውን ልጅ ሊወክሉ አሰቡ። ልጁ ደግ ነው። ውሃ የሚቀዳላቸው፣ እንጨት የሚፈልጥላቸው እሱ ነው። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ወረቀቱን አስጻፉ። ማታ ለትምህርት ሲመጡ ይዘውት መጡ።

«ልጆቼ፣ ነገ ልፈርም ነው። እስቲ እዩልኝ» አሉን።

እውነቱን እንናገር። እኛ ቸኩለን ነበር። የላይኛውን ሁለት መስመር ብቻ አየን። የእሳቸው ስም ትክክል ነው። የልጁም ስም ትክክል ነው። «ደህና ነው እማማ፣ ይፈርሙ» አልናቸው።

እሳቸው ግን ወረቀቱን አላጠፉትም። መብራቱ ሥር ቁጭ ብለው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ ያነቡ ጀመር። ትምህርት ከጀመሩ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነው። ፊደሉን አንድ በአንድ ይጠሩታል። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸው አንድ ቃል ላይ ቆመ።

«ለ - መ - ሸ - ጥ» አሉ። ቀና ብለውም አዩን። «ምንድን ነው የሚሸጠው? እኔ የምሸጠው ሻይ ነው።»

አፈርን። ወረቀቱን ተቀብለን እስከ መጨረሻው አነበብነው። እንዲህ ይላል፤ «በስሜ ያለውን ንብረት ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ ብድር ለመበደር፣ ሌላ ሰው ለመወከል...»። ስለ ግብር የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው።

ጸሐፊው ተንኮል አስቦ አይደለም። ለሌላ ሰው የጻፈውን ወረቀት ገልብጦ ነው። ልጁም ወረቀቱን አላየውም። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ነገር ግን እኒያ እናት ቢፈርሙ ኖሮ፣ ግብሬን ይክፈልልኝ ብለው ሄደው ቤታቸውን የመሸጥ ሥልጣን ሰጥተው ይመለሱ ነበር።

ከዚያች ማታ ወዲህ ስለ ውክልና ሕጉን አንብበናል። ከመካከላችን አንዱ የሕግ ተማሪ ነው። ያገኘነውን ለእናንተም እንጽፋለን።

መላክና መወከል ይለያያሉ

ልጃችሁን ገንዘብ አስይዛችሁ «ሂድና የመሬቱን ግብር ክፈልልኝ» ብትሉት፣ ልከኸዋል እንጂ ወክለኸዋል አይባልም። ልጁ መልእክተኛ ነው። ገንዘቡን ያደርሳል፣ ደረሰኙን ያመጣል፤ በቃ።

ውክልና ከዚህ ይበልጣል። ተወካዩ በእናንተ ስም ይፈርማል። የግብር ማስታወቂያ ይቀበላል። ግብሩ በዝቷል ብሎ ቅሬታ ያቀርባል። እሱ የፈረመው እናንተ እንደፈረማችሁት ይቆጠራል። የሚሰጠውን ሰው ወካይ፣ የሚቀበለውን ሰው ተወካይ እንለዋለን።

ታዲያ ዕዳው ወደ ተወካዩ ይዞራልን? አይዞርም። ግብሩ የእናንተ ነው። ተወካዩ ሳይከፍል ቢቀር መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው እናንተን ነው። ተወካዩ ያጠፋውን ገንዘብ ከእሱ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሁለት ዓይነት ውክልና አለ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውክልናን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ጠቅላላ ውክልና ነው። ሁለተኛው ልዩ ውክልና ነው።

በሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ንብረት መጠበቅ፣ ከ3 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት፣ የሚገባ ገንዘብ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል ነው። ቤት መሸጥ የለበትም። በዋስትና ማስያዝ የለበትም። ለእነዚህ ለከባዶቹ ሥራዎች በቁጥር 2205 የተነገረው ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ፍርድ ቤት ቆሞ ለመከራከርም እንዲሁ።

ስለዚህ አንድ ሰው «ለመሸጥ» የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈለት ቤት ሊሸጥ አይችልም። ቃሉ ከተጻፈለት ግን ይችላል። አንድ ቃል ቤት ያስወጣል፤ አንድ ቃል ቤት ይጠብቃል። ማንበብ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመን።

በሌሎች አገሮችም ጥንቃቄው ይህንኑ ይመስላል። በአሜሪካ የገቢ መሥሪያ ቤት ለግብር ውክልና ቅጽ 2848 የሚባል ወረቀት አለው። በወረቀቱ ላይ የግብሩ ዓይነትና ዓመቱ ተለይቶ ይጻፋል። «ለሁሉም ዓመት» ተብሎ በጅምላ ቢጻፍ አይቀበሉትም። እኛም ሥልጣንን በልኩ መቁረጥ እንችላለን።

ደረሰኙ በማን ስም ነው?

ሽማግሌዎቻችን ይህን ነገር ያውቁታል። በቀድሞው ዘመን የገበሬው ግብር በጭቃ ሹምና በባላባት እጅ ያልፍ ነበር። ከፋዩ አንድ፣ ስሙ የሚጻፈው ሌላ እየሆነ ብዙ ሙግት ተነሥቷል። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥር 1168 ደግሞ፣ አንድን የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመት ግብሩን የከፈለ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ደነገገ። እንግዲህ አስቡት። የደረሰኝ ቁራጭ የርስት ያህል ከበደች ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ተብሎ ታወጀ። በ1987 ዓ.ም. የወጣውም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ስለዚህ ዛሬ ግብር በመክፈል ብቻ የሰው እርሻ ባለቤት መሆን አይቻልም። ይሁን እንጂ ክርክር ሲነሣ «ማን ሲገብር ኖረ?» መባሉ አልቀረም። ደረሰኝ ማስረጃ ነው።

ስለዚህ ማንንም ብትልኩ፣ ማንንም ብትወክሉ፣ ደረሰኙ ሲመጣ አራት ነገር አንብቡ።

1. ስሙ የማን ነው? የእናንተ ስም መሆን አለበት።
2. የየትኛው ዓመት ግብር ነው?
3. ስንት ብር ነው? በአኀዝና በፊደል የተጻፈው ይስማማል?
4. ቀኑና ማኅተሙ አለ?

ከዚያ ደረሰኙን ራሳችሁ አስቀምጡ። ተወካዩ ዘንድ አይደር።

ቀኑ አያልፍ

የግብር ማስታወቂያ ሲደርስ ቀን ይቆጠራል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ሰጥቷል። ማስታወቂያው በተወካዩ ኪስ ውስጥ ቢያድር ቀኑ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ተወካዩን «ወረቀት በተቀበልክ ቀን አምጣልኝ» በሉት። የእናንተ ቀን መቼ እንደሚያልቅ ከማስታወቂያው ላይ አንብቡ፤ ካልገባችሁ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ።

የግብር ሥራ በክፍያ እሠራላችኋለሁ የሚል የታክስ ወኪል ቢመጣ ደግሞ ፈቃዱን አሳየን በሉት። ያለ ፈቃድ ይህን ሥራ መሥራት አይፈቀድም።

በቀለም የነከርነው ጣት

ድሮ የማያነብ ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። ምን ላይ እንዳተመ የሚያውቀው ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው ነበር። ሕጉም ይህን አይቶ በቁጥር 1728 መከታ አበጅቷል። ዐይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በጣት አሻራው ወይም በፊርማው የሚገደደው፣ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ሲያረጋግጠው ነው ይላል።

ውክልና ሰነድ በሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት ፊት ይፈረማል። በዚያ ቀን አትፍሩ። «ወረቀቱ ይነበብልኝ» በሉ። ያልገባችሁን ቃል ጠይቁ። ለመጠየቅ ማፈር ቤት ያሳጣል፤ የጠየቀ ሰው ግን ምንም አይጎድልበትም።

ልጆቻችሁ በሳውዲ ካሉ

ከእኛ አካባቢ ብዙ ወጣቶች ወደ ሳውዲ ሄደዋል። በስማቸው ያለውን ሥራና ግብር እዚህ ያለ አባት ወይም እኅት ያይላቸዋል። ልጁ አገር ሳይመጣ መወከል ይችላል። በሪያድ ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ያለው ቆንስላ ዘንድ ቀርቦ ይፈርማል። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነድ አረጋጋጩ በኩል ያልፋል። በስልክ «አባዬ፣ አንተ ጨርሰው» ማለት ግን ውክልና አይደለም። መሥሪያ ቤቱ የስልክ ቃል አይቀበልም።

ውክልና ይሻራል

«አንዴ ከፈረምን መመለሻ የለውም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ልክ አይደለም። በቁጥር 2226 መሠረት ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል። «አይሻርም» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ ዋጋ የለውም። ወረቀቱን መልስልኝ ማለትም ይቻላል።

ሲሽሩ ግን በሆድ መሻር አይበቃም። በጽሑፍ ይሻራል። ለተወካዩ ይነገራል። ውክልናውን ላረጋገጠው መሥሪያ ቤትና ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይነገራል። ያልሰማ ሰው የድሮውን ወረቀት አምኖ ሊሠራ ይችላልና።

እንዲህ ቢጻፍስ?

ለእኒያ እናት አብረን ያረቀቅነው ወረቀት ይኸውላችሁ። ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

«እኔ ......... የተባልኩ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ ......... የሆነ፣ አቶ ......... የተባሉትን በሻይ ቤት ሥራዬ የግብር ጉዳይ ብቻ ወክያለሁ። ተወካዬ በስሜ የግብር ማስታወቂያ ይቀበሉ። ግብሬን ይክፈሉ። ደረሰኝ በስሜ ይቀበሉ። በግብሩ ላይ ቅሬታ ያቅርቡ። ንብረቴን ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ፣ በስሜ ለመበደርና ሌላ ሰው ለመወከል ሥልጣን አልሰጠሁም። ይህ ውክልና ከ......... ቀን እስከ ......... ቀን የጸና ነው።»

ምን ሥራ እንደሆነ ተጽፏል። ምን እንዳልሆነም ተጽፏል። መቼ እንደሚያበቃም ተጽፏል።

እኒያ እናት የእኅታቸውን ልጅ ቅር እንዳይለው ፈርተው ነበር። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው የሚለውን ተረት አመጡብኝ ይለኛል» ብለው ተጨነቁ። አዲሱን ወረቀት ሲያነቡለት ግን ልጁ፣ «ለእኔም ይህ ይሻለኛል፤ ነገ ዘመድ እንዳያማኝ» አለ። እውነቱን ነው። ጥሩ ወረቀት ወካዩንም ተወካዩንም ይጠብቃል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይሉ የለ!

ሊፈርሙ የሄዱ ቀን የቀለሙን ሣጥን አቀረቡላቸው። «እስክርቢቶ ስጡኝ» አሉ። ስማቸውን ቀስ ብለው ጻፉ። የመጨረሻው ፊደል ትንሽ ወደ ላይ ወጥታለች። ትታያለች ግን፤ ትነበባለች።

እኛ ደግሞ ከእሳቸው ተምረናል። ከእንግዲህ ማንም ተማሪ ወረቀት ይዞ ቢመጣ የላይኛውን ሁለት መስመር አይተን «ይፈርሙ» አንልም።

ጥያቄዎች (በቤታችሁ ተነጋገሩበት)

1. በመልእክተኛና በተወካይ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. በግብር ውክልና ላይ የትኞቹ ቃላት እንዳይገቡ መጠንቀቅ አለብን?
3. ያለፈውን ዓመት የግብር ደረሰኛችሁን አውጡ። በማን ስም ነው? ስሙን ደብተራችሁ ላይ ጽፋችሁ አምጡ።

ደህና ሰንብቱ።