ደላላው ደላላ ይባል

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በማኅበራዊ ሚዲያ በክፍያ የሚሠሩ ማስታወቂያዎች ማስታወቂያ መሆናቸው ለተመልካቹ በግልጽ እንዲነገር ስለመጠየቅ

በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ትልቅ ዝግጅት ሲኖር ከመድረኩ ጀርባ በሚሰቀለው ባነር ላይ የስፖንሰሮቹ አርማ ተደርድሮ ይታያል። የመድረክ መሪውም ዝግጅቱን እነማን እንደደገፉት ስማቸውን እየጠራ ያመሰግናል። በዚህ ቅር የሚሰኝ ታዳሚ የለም። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ስለተነገረው ስለ ስፖንሰሩ የሚሰማውን ሙገሳ በዚያው ልክ መዝኖ ይቀበላል፤ ያጨበጭባል፣ ካላመነም ዝም ይላል። ያው ታዳሚ ከአዳራሹ ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት ግን ባነሩ የለም። በየቀኑ የሚያያት ወጣት ፊቷን ወደ ካሜራው አስጠግታ “ውድ ቤተሰቦቼ” ብላ ትጀምርና አንድ ቅባት፣ አንድ አፓርታማ ወይም አንድ የጉዞ ወኪል ሕይወቷን እንዴት እንደቀየረላት ትነግረዋለች። ከልቧ ይሁን ተከፍሏት ወይም ዕቃው በነጻ ተሰጥቷት፣ ተመልካቹ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ይህ መንገድ እንዲከፈት ነው።

ክርክሬ አንድ ነው፤ አዲስም አይደለም። እኛ አገር ቤት የሚከራይ፣ መኪና የሚገዛ ሰው ሁሉ ደላላን ያውቃል። የንግድ ሕጋችንም በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ጀምሮ የደላላን ሥራ በስሙ ጠርቶ ያውቀዋል። ደላላ “ይህ ቤት ጸጥ ያለ ነው፣ ውኃ አይጠፋም” ሲል ሰሚው በልቡ ቅናሽ ያደርግበታል፤ ኮሚሽኑን ያስባልና። ደላላው ዋሸ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ነገር ግን ቃሉ የሚመዘንበት ሚዛን የጎረቤት ቃል ከሚመዘንበት ይለያል። ፍርድ ቤትም ምስክርን ከማድመጡ በፊት ከባለጉዳዮቹ ጋር ያለውን ዝምድና የሚጠይቀው ለዚሁ ነው፤ ዝምድናው ምስክርነቱን አያስቀርም፣ ክብደቱን ግን ይወስናል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚሠራው ስውር ማስታወቂያ ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። ደላላው የጎረቤትን ነጠላ ለብሶ ይመጣል። “ቤተሰብ” የምትለው ቃል ራሷ የዚህ ገበያ ዋና ካፒታል ናት፤ አስተዋዋቂው ድርጅት የሚከራየው የተከታዮቹን ቁጥር ብቻ አይደለም፣ በዚያች ቃል የተገነባውን አመኔታ ጭምር ነው። አመኔታው ደግሞ የተመልካቹ ንብረት ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ እየተከራየበት ነው።

ይህን ለማረም የሚሆን ሕግ በእጃችሁ አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ማስታወቂያ ከሌላው ይዘት በቀላሉ ተለይቶ መታወቅ እንዳለበት ያዛል፤ የማሰራጫ መንገዶችን ሲዘረዝርም የኢንተርኔት ድረ ገጽን አልዘለለም። ያኔ ቲክቶክ የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች በዓይናቸው ፊት የነበረው በዜማ የሚጀምረው የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ በፕሮግራም መሐል የሚገባው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ፣ ከላዩ “ማስታወቂያ” ተብሎ የተጻፈበት የጋዜጣ ገጽ ነበር። በእነዚህ ሁሉ ላይ ድንበሩ ለጆሮም ለዓይንም ይታወቃል። ከዚያም በፊት ቢሆን ነጋሪት ሲጎሰም ሕዝቡ የሚመጣው የማን ቃል እንደሆነ ከመስማቱ በፊት ያውቅ ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጎቻችን የሚታወጁበት ጋዜጣም ስሙን የወሰደው ከዚያው ከበሮ ነው። በስልኩ መስኮት ላይ የጠፋው ይህ ድንበር ነው። ስለዚህ የምጠይቃችሁ አዲስ መርሕ እንድትፈጥሩ አይደለም። ያለው መርሕ ለአንድ ደቂቃ ቪዲዮ፣ ለቀጥታ ሥርጭትና ለቴሌግራም ቻናል ምን ማለት እንደሆነ በመመሪያ እንድትተረጉሙት ነው።

ጉዳቱ የት ላይ እንደሚከፋ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለአንድ ምግብ ቤት በክፍያ የተሰጠ ሙገሳ ያስከተለው ኪሳራ ቢበዛ ያልጣፈጠ ክትፎ ነው፤ እሱም ቢሆን መነገር አለበት፣ ግን ቸኩዬ አልፈዋለሁ። የቆዳ ማቅያ ቅባት ሌላ ነገር ነው። በዓለም ገበያ ከሚዘዋወሩት ማቅያዎች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ እንዳለባቸው፣ ሜርኩሪም ኩላሊትን እንደሚጎዳ የዓለም ጤና ድርጅት ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። የ16 ዓመት ልጅ የምታደንቃት ሴት ፊት ሲፈካ እያየች ቅባቱን ስትገዛ የተከፈለበት ምስክርነት እየገዛች መሆኑን ማወቅ መብቷ ነው። ወደ ዓረብ አገር የሚደረግ የሥራ ጉዞም እንዲሁ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ የመላክን ሥራ ፈቃድ ላላቸው ኤጀንሲዎች የወሰነው ብዙ እናቶች ካለቀሱ በኋላ ነው፤ ፈቃድ የሌለው ወኪል በአንድ ታዋቂ ሰው አፍ ሲናገር ግን ከሲዳማ ገጠር የምትነሳ ልጅ የምታየው ፈቃዱን አይደለም፣ የታዋቂውን ፊት ነው። ያልተሠራ አፓርታማ በቅድመ ክፍያ ሲሸጥም የቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው የሚነቃነቀው።

አሁን ደግሞ የአክሲዮን ገበያ መጥቷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። መልካም ነው፤ ነገር ግን አክሲዮን ምን እንደሆነ ገና በመማር ላይ ላለ ሕዝብ የተከፈለበት ምክር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከሌሎች እንማር። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ኮሚሽን ታዋቂዋን ኪም ካርዳሺያንን 1.26 ሚሊዮን ዶላር ያስከፈላት ኢቴሪየም ማክስ የተባለ ዲጂታል ገንዘብ ስላስተዋወቀች አልነበረም። ለዚያ አንድ ልጥፍ 250,000 ዶላር እንደተከፈላት ለተከታዮቿ ስላልገለጸች ነው። ልጥፉ ማስታወቂያ መሆኑን የሚጠቁም ምልክት እንኳ ነበረበት፤ ኮሚሽኑ ግን ክፍያውን መግለጽ ነበረባት አለ። ጥፋቱ ማስተዋወቁ ላይ ሳይሆን መሸፈኑ ላይ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ተቃውሞዎቹን አውቃለሁ፤ የሚናቁም አይደሉም። የመጀመሪያው “ሕዝቡ ያውቃል፣ ማን ሞኝ አለ?” የሚለው ነው። ሕዝቡ የሚያውቅ ከሆነ “ይህ ማስታወቂያ ነው” ብሎ መናገር ማንንም አይጎዳም። ግን ብዙ አስተዋዋቂዎች ሲጠየቁ “እንደሱ ካልን ድርጅቶቹ ያን ያህል አይከፍሉንም” ይላሉ። በዚህ መልስ ውስጥ ክርክሩ ሁሉ ያልቃል። ሙገሳው ስሙ ሲነገር ዋጋው የሚወድቅ ከሆነ፣ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት የተመልካቹ አለማወቅ የተሸጠበት ዋጋ ነው። ሁለተኛው የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ ይህን በአክብሮት ነው የማነሳው። በካሜራ ፊት ሠርተው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ ሥራቸው ሥራ ነው፣ ማስታወቂያ መሥራትም ነውር አይደለም። ይልቁንም አሁን ባለው ሁኔታ የሚጎዳው ሐቀኛው ነው። ዕቃውን ራሱ ሞክሮ ያልወደደውን የሚመልስ ወጣት፣ የተላከለትን ሁሉ ከሚያወድሰው ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል፤ ተመልካቹ ሁለቱን መለየት ስለማይችል አንድ ቀን ሁለቱንም ማመን ይተዋል። መለያው ሲኖር የሐቀኛው ምስክርነት ዋጋ ያገኛል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ እኔም በከፊል እጋራዋለሁ። በአገራችን የንግግር ሕግ ሲወጣ ብዙዎች የሚያስቡት እስርን ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ለይቶ ቅጣቱን ያከብዳል። እንግዲህ መንግሥት የተከታይን ብዛት መቁጠር ያውቃል። ፍርሃቱ ይህ ቁጥር ነገ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ነው፤ ፍርሃቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ መመሪያው ጠባብ ይሁን። የሚመለከተው ገንዘብ፣ ዕቃ ወይም ሌላ ጥቅም የተሰጠበትን የንግድ ይዘት ብቻ ይሁን። ምዝገባና ፈቃድ አይጠይቅ፤ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ኑሮ ውድነት የሚናገርን ሰው አይንካ፤ ያለ ክፍያ አንድን ምርት የሚተችንም እንዲሁ። ፈረንሳይ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለከባድ ጥሰት እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 300,000 ዩሮ መቀጮ ደንግጋለች። እስራቱን አንቅዳ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 የሰጠው ነጻነት ከዚህ ጥያቄ ጋር አይጋጭም፤ “ተከፍሎኛል” የሚለው ቃል በንግግር ላይ ይጨመራል እንጂ ከንግግር ላይ የሚቀነስ ነገር የለም። ነገር ግን መሣሪያው ማስጠንቀቂያ፣ እርማትና መጠነኛ መቀጮ ካልሆነ ጥሩው ሐሳብ በመጥፎ እጅ ይበላሻል።

“መድረኮቹ ውጭ፣ አንዳንዶቹ ተናጋሪዎች ዲያስፖራ፤ ማንን ይዛችሁ ነው?” ለሚለው መልሱ ከፋዩ ነው። ቅባቱን የሚያስመጣው፣ አፓርታማውን የሚሸጠው፣ አክሲዮኑን የሚያቀርበው ድርጅት እዚህ አገር ነው፤ ንግድ ፈቃድ አለው፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለው፣ ወጪውንም በደረሰኝ ይመዘግባል። ለአስተዋዋቂ በሚከፍልበት ውል ላይ የመግለጽ ግዴታ እንዲጽፍ፣ ካልጻፈም ራሱ እንዲጠየቅ ይደረግ። ትንሹን ቲክቶከር ከማሳደድ ትልቁን ከፋይ መጠየቅ ፍትሐዊም ቀላልም ነው። መድረኮቹም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አይደሉም፤ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ኢንስታግራም ይዘቱ የተከፈለበት መሆኑን የሚያመለክት ቁልፍ አላቸው። የሚጎድለው መንካቱ ነው።

ቁልፉ የሚያሳየው ምልክት ግን ለእኛ አይበቃም። በቪዲዮው ጥግ በላቲን ፊደል የተጻፈች አጭር ጽሑፍ ለሐዋሳ ገበያተኛ ምልክት አይደለችም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው መመሪያ መግለጫው ማስታወቂያው በተነገረበት ቋንቋ እንዲሆን፣ በቀጥታ ሥርጭት ላይ ደግሞ ሳይቋረጥ እንዲታይ ጠይቃለች። ብዙ ቋንቋ ለምንናገር ለእኛ ይህ ከማንም በላይ ይሠራል። በሲዳምኛ የተሠራ ማስታወቂያ ማስታወቂያነቱ በሲዳምኛ ይነገር፤ በወላይትኛ የተሠራው በወላይትኛ። ማንበብ የማይችለው ተመልካችም እንዲሰማው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በአፍ ይነገር። ግብዣም ክፍያ መሆኑ ይጻፍ፦ በሐይቁ ዳር በሚገኝ ሪዞርት ሁለት ሌሊት በነጻ አድሮ ስለ መኝታው የሚያወራ ሰው የሚናገረው እንደ እንግዳ ብቻ አይደለም። ይህ የመግለጽ ግዴታ ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይጀምር። ፕሮጀክት ለማስጎብኘት፣ ከተማ ለማስተዋወቅ ታዋቂ ሰዎችን የሚጋብዝ ተቋም ሁሉ አበል ሰጥቶ ከሆነ፣ ትራንስፖርትና ሆቴል ሸፍኖ ከሆነ፣ በይዘቱ ላይ ይገለጽ። ራሱን ነጻ ያደረገ ሕግ ነጋዴውን የሚያሳምንበት አፍ አይኖረውም።

በሲዳማ “ሀላሌ” የሚባል ቃል አለ፤ እውነት ማለት ነው፣ ሰው ሊኖርበት የሚገባ መንገድም ነው። ሽማግሌዎቹ ነገር ሲያዩም “አፊኒ” በተባለው ሥርዓት “ሰማችሁ ወይ?” እያሉ ነው፤ ጉዳዩ በሁሉም ጆሮ ሳይገባ ፍርድ አይሰጥም። ይህን መመሪያ ስታዘጋጁ በአዲስ አበባ ሆቴል አዳራሽ በግማሽ ቀን ስብሰባ እንዳይጠናቀቅ አደራ እላለሁ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን፣ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴርን፣ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣንን፣ የማስታወቂያ ድርጅቶችን ይዛችሁ ወደ ሐዋሳ ኑ። በባህል አዳራሽ በር ከፍታችሁ ወጣት ይዘት ፈጣሪዎቹን፣ ቅባቱን የገዙትን እናቶች፣ ቤት ለማግኘት ዓመታት የሚጠብቁትን ደሞዝተኞች አንድ ላይ አስቀምጡና ረቂቁን በየቋንቋቸው አንብቡላቸው። የስብሰባውን ወጪ ማን እንደሸፈነውም በባነሩ ላይ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር
ሐዋሳ