«አንተ ብቻ አጥና»

ማታ ላይ ከአዲስ አበባው የላንቻ ባቡር ጣቢያ ወደ ውስጥ በሚገቡት ሰፈሮች ይህ ቃል ከብዙ ቤት ይሰማል፦ «ተወው፣ አንተ ብቻ አጥና!» ወንዱ ልጅ የበላበትን ሳህን ሊያነሳ ሲል እናቱ ከእጁ ትቀበለዋለች። እህቱ ግን ሽንኩርት ትልጣለች፤ የውሃው ፈረቃ ከደረሰም ጀሪካኑን የምትሞላው እሷ ናት። ለእሷ ጥናት የሚጀምረው የጓዳው ሥራ ሲያልቅ ነው።

ልጅን ከቤት ሥራ ማራቅ ከጭንቀት ማዳን ነው የሚለው እምነት በከተማው ሥር ሰዷል። የወላጆች ስጋት መሠረት አለው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን የሰማ ወላጅ የልጁን ደቂቃ ሁሉ ለደብተር ቢሰስት አይፈረድበትም። የመረጠው መድኃኒት ግን የተሳሳተ ነው።

ኢቫ ቴልዘርና አንድሩ ፉሊኒ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ጥናት ይህን እምነት ይፈትናል። አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ ከላቲን አሜሪካ፣ ከእስያና ከአውሮፓ የዘር ሐረግ የመጡ ታዳጊዎች ለ14 ቀናት ውሏቸውን መዘገቡ። ቤተሰብን ማገዝ በጥቅሉ ከጭንቀት ጋር አልተያያዘም። እንዲያውም ከደስታ ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ አንዱ ምክንያት ያገዘው ልጅ «ለቤቴ እጠቅማለሁ» የሚል ስሜት የሚያድርበት መሆኑ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በሌላ ጥናት የደም ናሙና ሲመረምሩ፣ ብዙ የሚያግዙት ታዳጊዎች ሰውነት ውስጥ ከፍ ያለ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክት አዩ። በሚሰጡት እገዛ እርካታ የሚያገኙት ላይ ግን ምልክቱ ዝቅ ያለ ነበር።

እንግዲህ የላንቻዋን ልጅ የሚጎዳት ሽንኩርቱ ብቻ አይደለም። ሸክሙ ለእሷ ብቻ መሆኑና እንደ ሥራ አለመቆጠሩ ነው። በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተሰኘ ጥናትም ሴት ልጆች ከወንዶች የበለጠ ሰዓት በቤት ውስጥ ሥራ እንደሚያሳልፉ አሳይቷል። «ወንድ ልጅ ማጀት አይገባም» የሚለው አባባል ሁለቱንም ይበድላል፤ እሷን በድካም፣ እሱን ለቤቱ የሚጠቅም ሰው የመሆን ዕድል በመንፈግ።

ኢትዮጵያ የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአንቀጽ 31 ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ አቅሙ ወላጆቹን በሚያስፈልግበት ጊዜ የማገዝ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የዕረፍትና የጨዋታ መብቱን ያረጋግጣል። ሁለቱም ለወንዱም ለሴቷም የተጻፉ ናቸው።

ወላጆች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ሳህኑን ለልጁ ተዉለት፤ ለእህቱም ቁጭ ብላ የምታጠናበት ሰዓት ስጧት። ሥራውን ሲጨርስ ደግሞ አመስግኑት፤ እሷንም እስከ ዛሬ ስለሠራችው ሁሉ።