ሳያም የሚጀምር ሕመም
የዳሌ አንጓ አሠራርና የሕፃናት ምርመራ ክርክር

አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ዳሌ በምን ዓይነት ምርመራ ይታይ የሚለው ጥያቄ የአውሮፓንና የአሜሪካን የጤና ባለሥልጣኖች እስከ ዛሬ ሲያከራክር ይገኛል። ነገሩ ለሐኪሞች ብቻ የሚተው ይመስላል፤ ነገር ግን የመንግሥት ገንዘብና የአዋላጆች ትምህርት ያለበት ስለ ሆነ፥ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት የሚያዘጋጁ ወጣቶችም ሊያውቁት የሚገባ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ክርክሩን ለመረዳት አስቀድሞ የአንጓውን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል። የጭን አጥንት በላይኛው ጫፉ እንደ ኳስ የተድበለበለ ራስ አለው፤ የዳሌ አጥንት ደግሞ ይህን ራስ የሚቀበል ጽዋ አለው። የሚነካኩበት ፊታቸው በልም አጥንት የተሸፈነ ነው፤ የጽዋውም አፍ ዙሪያውን ከንፈር በሚመስል ጠንካራ ቀለበት ተከቧል። ጽዋው ሳይጠልቅ ቀርቶ እንደ ሰሐን ዝርግ ከሆነ ግን ራሱ በሚገባ አይሸፈንም። ይህን ጉድለት ሐኪሞች ዲስፕላዝያ ይሉታል። የስዊድኑ ሐኪም ጉናር ዊበርግ በ1939 ሽፋኑን በራጅ ሥዕል ላይ በማዕዘን የመለካት ዘዴ አወጡ፤ በአዋቂ ሰው ዛሬም ከ25 ዲግሪ በላይ ደኅና፥ ከ20 በታች ጉድለት ተብሎ ይቈጠራል።

እንግዲህ ሕመሙ ከወዴት ይመጣል? ብዙ ሰው አጥንት ከአጥንት ጋር ሲፋተግ ነው ብሎ ያስባል፤ ይህ ግን የመጨረሻው ደረጃ ነው። ልም አጥንት ነርቭ ስለሌለው ሲጎዳ ዝም ይላል። የጽዋው ከንፈር ግን ነርቭ አለው። ሰው ሲራመድ በአንድ እግሩ በሚቆምበት ቅጽበት አንጓው የሚሸከመው ከሰውነቱ ክብደት እጥፍ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ዳሌው ወደ ሌላው ወገን እንዳይዘነብል የጎን ጡንቻዎች አጥብቀው ይስባሉ። ይህ ሸክም በጥልቅ ጽዋ ውስጥ ሰፍቶ ይከፋፈላል፤ በዝርጉ ላይ ግን በጠባብ ቦታ፥ ያውም በጠርዙ ላይ ይከማቻል። ራሱም ወደ ውጭ ሊያመልጥ ይቃጣዋል። ከንፈሩ ያልተሠራለትን ሸክም ተሸክሞ ይወፍራል፥ በመጨረሻም ይቀደዳል፤ በዚያን ጊዜ ብሽሽት ላይ የሚወጋ ሕመም ይጀምራል። የጎን ጡንቻዎችም ከመጠን በላይ ስለሚሠሩ ረጅም መንገድ ከሄዱ በኋላ የዳሌው ጎን ይዝላል። ከዚህም ሌላ ወደ ዳሌ አንጓ የሚሄድ አንድ ነርቭ ወደ ጉልበትም ቅርንጫፍ ስለሚልክ፥ ዳሌው የታመመ ሰው «ጉልበቴን» ይላል። ጉልበቱን ሲታሽ፥ ወገቡን ሲታይ ዓመታት ያልፋሉ። በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት በመረመራቸው በሽተኞች ላይ ሕመሙ ከጀመረ አንሥቶ ምክንያቱ እስኪታወቅ በአማካይ 5 ዓመት ያህል አልፎ ነበር።

የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ጨቅላ ሕፃን አይቆምም፥ አይራመድም፤ ስለዚህ ጽዋው ዝርግ ቢሆንም አያመውም። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ20ና በ30 ዓመት ዕድሜ ነው፤ ይበልጡንም በሴቶች ላይ። በቀላሉ የሚቃናው ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት፥ ጽዋው ገና በአብዛኛው ልም ሳለ ነው። የቼኩ ሐኪም አርኖልድ ፓቭሊክ የፈለሰፉት መታጠቂያ የሕፃኑን ጉልበት አጥፎ ጭኖቹን ከፍቶ ሲይዝ፥ ራሱ በቦታው ይቀመጣል፥ ጽዋውም በራሱ ልክ እየጠለቀ ያድጋል። እንግዲህ ማንም ሳያማርር ፈልጎ ማግኘት ግድ ይሆናል።

በምን ይፈለግ? በኢጣልያ ማሪኖ ኦርቶላኒ በ1937፥ በእንግሊዝ አገር ቶማስ ባርሎው በ1962 የገለጹት የእጅ ምርመራ የላላውን አንጓ ይይዛል፤ ዝርግ ሆኖ ያልላላውን ግን እጅ አይሰማውም። ኦስትሪያዊው ራይንሃርድ ግራፍ በ1980 ጽዋውን በአልትራሳውንድ የማየት ዘዴ ስላቀረቡ፥ ኦስትሪያ በ1992፥ ጀርመን በ1996 ሕፃናት ሁሉ በዚሁ እንዲታዩ ወሰኑ። እንግሊዞች ግን ሁሉንም በእጅ መርምረው፥ በመቀመጫቸው ወርደው የነበሩትን፥ በዘር ታሪክ ያለባቸውንና በእጅ ምርመራ ያጠራጠሩትን ብቻ ወደ መሣሪያው ይልካሉ። የአሜሪካ አማካሪ ቡድንም በ2006 ማስረጃው አይበቃም አለ። ምክንያታቸው ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ያልበሰለ ዳሌ ያለ መድኃኒት ይቃናል፥ አላግባብ የታሰረ መታጠቂያም የራሱን የደም ሥር ሊዘጋ ይችላል።

ጊዜው ላለፈበት ሰው በ1984 በስዊስ በርን ከተማ ራይንሆልድ ጋንዝ የጀመሩት ቀዶ ጥገና አለ፤ ጽዋው ከዙሪያው ተቈርጦ ራሱን እንዲሸፍን ይዞራል። ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞች ዳሌዎች ከመቶ 60 ያህሉ ከ20 ዓመት በኋላም ሰው ሠራሽ አንጓ ሳይተካባቸው ቈይተዋል። ደግ ነው፤ ነገር ግን ከመታጠቂያው ጋር ወጪው አይወዳደርም።

እንደ እኛ አስተያየት፥ መሣሪያው በከተማ ብቻ በሚገኝበት አገር የእንግሊዞች መንገድ ይሻላል፤ የሠለጠነ የአዋላጅ እጅ መሣሪያው ከማይደርስበት ይደርሳልና። አጠቃቀለልም አብሮ ይታሰብ። በጃፓን በ1970ዎቹ የሕፃኑ እግር ተዘርግቶ እንዳይጠቀለል ዘመቻ በተደረገ ጊዜ፥ ቀድሞ ከ100 ሕፃናት ከ1 በላይ የነበረው የዳሌ መውለቅ ከ1000 ወደ 2 ገደማ ወርዷል። በአገራችን በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ጭኖቹ ተከፍተው የእናቱን ወገብ አቅፎ ስለሚውል፥ የፓቭሊክ መታጠቂያ የሚሰጠውን ዓይነት አቀማመጥ ያለ ክፍያ ያገኛል። ያው ሕፃን ሌሊት እግሩ ተዘርግቶ በጨርቅ ተጠፍሮ ካደረ ግን ቀን ያገኘውን ማታ ያጣል። ጨርቁ ክንዱን ቢይዝ ለዳሌው ጉዳት የለውም፤ ከወገብ በታች ግን ጉልበቱን አጥፎ ጭኑን የሚከፍትበት ስፍራ ሊተውለት ያስፈልጋል።