«ግባና እረስ» ማለት ምክር ነውን?

አንድ ሰው ከሥራው መሰናበቱ በተሰማ ጊዜ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየቡና ቤቱ ወዲያውኑ የሚነገር ቃል አለ፤ ይኸውም «ምን ቸገረው? አገሩ ገብቶ አያርስም?» የሚለው ነው። ተናጋሪው ታላቅ ምክር የሰጠ መስሎት ቡናውን ፉት ይላል፤ ሰሚውም «እውነት ነው» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። የተሰናበተው ሰው ግን ሲመሽ ወደ ልጆቹ የሚገባው ያንኑ ባዶ እጁን ይዞ ነው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደ ተባለ፥ የወደቀ ሰውም እንዲህ ያለ ምክር ይበዛበታል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ እርሻን ለመንቀፍ አይደለም። አገራችንን እስከ ዛሬ የቀለባት ገበሬው መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ የተማረ ሰው ሞፈር ቢጨብጥ ይዋረዳል የሚለውንም ከንቱ ትዕቢት ጸሐፊው አይቀበለውም። ክርክራችን፥ እርሻን ሙያ መሆኑን ረስቶ የሥራ አጥ ማከማቻ ከሚያደርገው አስተሳሰብ ጋር ነው። ይህ አስተሳሰብ በአንድ ቃል ሁለት ሰው ይበድላል፤ የተሰናበተውን ያለ ስንቅ ይሸኘዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ አፈርና ዝናም ሲመረምር የኖረውንም ገበሬ «ያንተን ሥራ ማንም ከመንገድ መጥቶ ይሠራዋል» ብሎ ይንቀዋል።

እስኪ ነገሩን በቍጥር እንመርምረው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፥ ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም ሠራተኛ በመቀነሱ ምክንያት ለሚሰናበት ሰው፥ ስለ መጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፥ ከዚያ በኋላ ስላለው ስለ እያንዳንዱ ዓመት የዚህኑ ሢሶ፥ በተጨማሪም የ60 ቀን ደመወዝ እንዲከፈለው ያዝዛል። እንግዲህ 8 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የሚያገኘው የ160 ቀን ደመወዝ ነው ማለት ነው። ይህ ሰው በታኅሣሥ መባቻ ቢሰናበትና ቤተ ሰቡን በዚሁ ገንዘብ እንደ ቀድሞው ቢያኖር፥ ግንቦት ሳያልቅ ኪሱ ባዶ ይሆናል። በደጋውና በወይና ደጋው አገር ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ፥ የሚታጨደውም ከኅዳር ወዲህ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ የሚያልቀው ዘሩ መሬት ሳይነካ ነው። የዘርና የማዳበሪያ ዋጋ ከየት ይመጣል? እስከ ኅዳር ያለውን 6 ወርስ ቤተ ሰቡ ምን ይበላል? መካሪው ይህን ሳያስብ ምክሩን ጨርሷል።

መሬቱስ የት ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40፥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ፥ ገበሬም በነጻ መሬት የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ነገር ግን መብት በሕግ መጻፉና ትርፍ መሬት መገኘቱ ለየብቻ የሆኑ ነገሮች ናቸው። ተመላሹ የሚያገኘው፥ ወንድሞቹ ተራ የሚጠብቁበትን የአባቱን ማሳ ነው። ከብዙ ልመና በኋላ ግማሽ ሔክታር ተከፈለለት እንበል። በብዙ ቦታ የጤፍ ምርት በሔክታር 20 ኩንታል ስለማይሞላ፥ የእርሱ ድርሻ ከ10 ኩንታል ያንሳል። በሬ ስለሌለው ለእኩል አራሽ ቢሰጠው ደግሞ ከ5 ኩንታል በታች ይሆናል፤ ከዚህም ላይ የከርሞ ዘር ይነሣል፤ ዕዳ ይከፈላል። የቀረው ለስንት አፍ ይደርስ ይሆን?

ይህ እውን ሆኖ ታይቷል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከሲዳማና ከአካባቢው ገጠር ብዙ ወጣት ሴቶችን ሰብስቦ ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. አንድ ታላቅ የውጭ አገር ልብስ ሠሪ ኩባንያ ከዚያ ወጣ፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ለአገራችን ሰጥታው የነበረው አጎዋ የተባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ተቋረጠ። ሥራ ያጣችው ልጅ «አገርሽ ግቢ» ስትባል የምትገባው፥ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሔክታር ወደማይበልጥ የወላጆችዋ ጓሮ ነው። እንሰት ድንቅ ተክል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የተተከለው ለመብል የሚደርሰው ከ4 እስከ 6 ዓመት ቆይቶ ነው። የወላጆችዋን እንሰት ብትበላም የታናናሾችዋን ድርሻ ተሻማች እንጂ አዲስ ገቢ አላገኘችም።

«ታዲያ የገጠሩ ሰው በዚያችው ማሳ እንዴት ይኖራል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ገበሬው የሚኖረው በማሳው ብቻ አይደለም። በጎተራው ያምናው እህል አለ፤ በደጁ በሬና ላም አለው፤ ሥራ ሲበዛበት ወንፈል የሚገባለት ጎረቤት አለው፤ የትኛው ቦታ ውኃ እንደሚቋጥር፥ የትኛውም ዋግ እንደሚመታው ከልጅነቱ ያውቃል። ይህ ሁሉ የብዙ ዓመት ጥሪት ነው። ተመላሹ ግን ትናንት ስለ መጣ ወንፈል የሚመልስበት ጕልበትና በሬ እስኪያገኝ ድረስ የሚያግዘው አይኖርም።

በመሠረቱ ይህ ነገር የማይቻል አይደለም። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት በተበተነ ጊዜ ከ400 ሺህ በላይ ሰው መተዳደሪያውን አጣ። ያን ጊዜ ወታደሩ «ግባና እረስ» ተብሎ ብቻ አልተለቀቀም፤ ለዚሁ ጉዳይ ኮሚሽን ተቋቁሞ፥ ወደ ገጠር ለሚመለሱት መሬት እንዲያገኙ ሲደረግ፥ ለወራት የሚሆን ቀለብ፥ ዘርና የእርሻ መሣሪያ፥ ለአንዳንዶቹም በሬ ተሰጣቸው። ያ ሥራ ጕድለት አልነበረውም አይባልም፤ ነገር ግን ለሰው መንገድ ሲያሳዩ ስንቅ አብሮ መስጠት እንደሚገባ አስተምሯል። ዛሬ የሕዝቡ ቍጥር ከዚያን ጊዜው ከእጥፍ በላይ ስለ ሆነ፥ መሬት ብቻ ማደል አይበቃም፤ ጥቂቱን መሬት በዓመት ደጋግሞ የሚያሠራው ውኃ ነው። ድንችና ጥቅል ጎመን በ3 ወይም በ4 ወር ይደርሳሉ፤ የጕድጓድ ውኃ ያለው ሰው ከክረምቱ ሌላ በበጋም ያመርታል። ይሁን እንጂ ለ1,000 ካሬ ሜትር እንኳ 2 ኩንታል ያህል የዘር ድንች ያስፈልጋል፤ ቄብ ዶሮም እንቍላል መጣል የምትጀምረው 5 ወር ያህል ከተቀለበች በኋላ ነው። ስለዚህ ይህም መንገድ ቢሆን አስቀድሞ የሚወጣ ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል።

እንግዲህ ጉዳዩ የሚመለከተን ሁሉ የድርሻችንን እንወጣ። ሠራተኛ የሚያሰናብት ድርጅትም ሆነ መሥሪያ ቤት፥ የስንብቱን ቀን ሲወስን የዘሩን ወራት አብሮ ያስብ። የእርሻ ባለሥልጣን፥ ተመላሹን በቀበሌው የልማት ሠራተኛ መዝገብ አስገብቶ እንደ ነባሩ ገበሬ ይምከረው፤ የጕድጓድና የዘር ብድርም እስከ መጀመሪያው መከር እንዲታገሠው ያድርግ። መምህራን፥ የትምህርት ቤቱን አትክልት ቦታ የጥፋተኛ ተማሪ መቅጫ ማድረጉን ትተው ሙያ ማስተማሪያ ያድርጉት፤ ቆፍር ተብሎ የተቀጣ ልጅ አድጎ መቆፈርን እንዴት ያከብራል? ደመወዝተኛውም ሥራው ሳለ አንድ መደብ ጎመን ተክሎ ይማር፤ ዋና የሚለመደው ጎርፍ ሳይመጣ ነውና።

ከዚህ ወዲያ «ግባና እረስ» ለማለት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሦስት ጥያቄ ይመልስ፤ የት? በምን? እስከ መከሩስ ምን እየበላ? ለእነዚህ መልስ ያለው ሰው ምክሩን ይስጥ፤ እናመሰግነዋለን። መልስ የሌለው ግን ወዳጁን ከፊቱ ማራቁ እንጂ መምከሩ እንዳልሆነ ይወቀው።