የውጭ መንግሥት ይቅርታ የኢትዮጵያን ፍርድ ቤት ይገድባልን?

ሽብርተኞችን የረዳ ሰው ድንበር ተሻግሮ ቢሸሽና የተጠለለበት አገር መንግሥት ይቅርታ ቢያደርግለት፣ ጥቃቱ የተፈጸመባት ኢትዮጵያ ልትከሰው ትችላለችን? የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) የሚሰጠው መልስ እንደ ተጠርጣሪው ዜግነት ይለያያል።

በአገሪቱ ምድር ወንጀል ፈጽሞ የሸሸ ሰው ተላልፎ እንዲሰጥ ይጠየቃል። በአንቀጽ 16 መሠረትም በውጭ አገር በነፃ መለቀቁ እዚህ ዳግም ከመዳኘት አያድነውም፤ በዚያ የፈጸመው ቅጣት ብቻ ይታሰብለታል።

ተጠርጣሪው የውጭ ዜጋ ሲሆን ግን አንቀጽ 12 ሌላ በር ይከፍታል። ተላልፎ እንዲሰጥ ማድረግ ካልተቻለ የኢትዮጵያ ባለሥልጣናት በተጠለለበት አገር እንዲዳኝ ይጠይቃሉ። ያ አገር ምሕረት ወይም ይቅርታ ካደረገለት በዚያው ወንጀል እዚህ ዳግመኛ አይከሰስም። ለምሳሌ በዋግ ኽምራ፣ ሰሃላ ውስጥ ጥቃት አድርሶ የተሰወረ የውጭ ዜጋ በዚህ መንገድ ቢታለፍ፣ የሰሃላ ተጎጂ በአገሩ ፍርድ ቤት የሚያቀርበው አቤቱታ አይኖረውም ማለት ነው።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. በግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ላይ በአዲስ አበባ የግድያ ሙከራ ሲደረግ ጥያቄው የወረቀት ላይ ጉዳይ አልነበረም። ኢትዮጵያ ወደ ሱዳን የሸሹ ሦስት ተጠርጣሪዎች ተላልፈው እንዲሰጡ እንጂ በዚያ እንዲዳኙ አልጠየቀችም። ጉዳዩን ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ቀጥሎም ለተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት አቀረበች። ምክር ቤቱ በጥር 1988 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን በ1964 እ.ኤ.አ. በተፈረመው ወንጀለኞችን አሳልፎ የመስጠት ስምምነት መሠረት እንድታስረክብ ጠየቀ። በሚያዝያም በውሳኔ ቁጥር 1054 ዲፕሎማሲያዊ ማዕቀብ ጣለ፤ ማዕቀቡ የተነሣው በመስከረም 1994 ዓ.ም. ነው። ካርቱም ሰዎቹ በእጇ እንደሌሉ ስትገልጽ ቆይታለች።

በወቅቱ የውክልናው መንገድ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ የካርቱም ይቅርታ አዲስ አበባን ባሰረ ነበር።

በእርግጥ ኢትዮጵያም በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የምሕረት አዋጅ ቁጥር 1096/2010 አውጥታለች። ስለሆነም የሌላውን መንግሥት የይቅርታ ሥልጣን መካድ አያስኬድም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 28 ከምሕረትና ከይቅርታ ውጭ ያደረገው በሰብዕና ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ሲሆን፣ ሽብር በስሙ አልተጠቀሰም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሊያደርገው የሚችለው አንቀጽ 12ን ማሻሻል ነው፤ ይኸውም የውጭ ይቅርታ የሚያስረው ኢትዮጵያ አስቀድማ ስትስማማበት ብቻ እንዲሆን መደንገግ።